ስለ ሞተር ጀልባ መታጠብና ስለ ሻጩ አደራ

ንግድ ማለት ዕቃን ከአንድ ስፍራ አንሥቶ በሌላ ስፍራ መሸጥ ብቻ እንዳልሆነ ማንም ነጋዴ የሚያውቀው ነው። ዕቃው ከመደብር ወጥቶ ገንዘቡ ከሣጥን ከገባ በኋላም ቢሆን በሻጭና በገዥ መካከል ያለው ጉዳይ አይቈረጥም። የተሸጠው ዕቃ በገዥው እጅ ረጅም ዕድሜ ካገኘ የሻጩ ስም ይለመልማል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከተሰበረ ግን የሻጩ ስም አብሮ ይሰበራል። ይህ እውነት በጨርቅም፣ በሳሙናም፣ በቆርቆሮም የሚሠራ ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በሞተር ንግድ ላይ ነው። ሞተር እንደ ቆርቆሮ አንድ ጊዜ ተመትቶ የሚተው ዕቃ ሳይሆን፣ እንደ በቅሎ በየዕለቱ ጠባቂ የሚሻ ዕቃ ነውና።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ትንሽ የሚመስል ጉዳይ ነው። ይኸውም በውኃ ላይ የሚሠራ ሞተር፣ በተለይም ጀት ተብሎ የሚጠራው ጀልባ ሞተር፣ የዕለት ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ማቀዝቀዣውና የጭሱ መውጫ በንጹሕ ውኃ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ይህንንም ለገዥው ማስረዳት የማን ፋንታ እንደ ሆነ ነው። ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም በውስጡ ያለው ገንዘብ ትንሽ አይደለም።

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በወገራ ምድር፣ ወደ 3000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የገብስና የባቄላ አገር ናት። የጀልባ ነገር ለአምባ ጊዮርጊስ ነጋዴ ምን ይፈይድለታል ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ገንዘብ ደጋና ቆላ አይለይም። ከአምባ ጊዮርጊስ ተነሥቶ በጎንደር በኩል ጎርጎራ ለመድረስ ያለው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም የሚበልጥ አይደለም። የደጋው ነጋዴ ገብሱንና ባቄላውን ሽጦ ያተረፈውን ገንዘብ ሥራ ላይ ሊያውል ሲያስብ ዓይኑን ወደ ደምቢያ ሜዳና ወደ ጣና ዳር ቢጥል የሚያስገርም አይሆንም። አንዱ የመስኖ ፖምፓ ገዝቶ ለሽንኩርት ገበሬ ያከራያል፤ አንዱ የወፍጮ ሞተር ይተክላል፤ አንዱም በጣና ላይ መንገደኛ የሚያመላልስ ጀልባ ይገዛል። እነዚህ ሁሉ ውኃ የሚጠጡ ሞተሮች ናቸው፤ ውኃ የሚጠጣ ሞተር ደግሞ ሁሉ የራሱ የመታጠቢያ ሥርዓት አለው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የአምባ ጊዮርጊስ ነጋዴ ከወንድሙ ልጅ ጋር ተሻርኮ ጀት ጀልባ ገዛ እንበል። ሐሳቡ መንገደኛና ጐብኝ ከጎርጎራ ተነሥቶ በደሴቶቹ ላይ ወዳሉት ገዳማት እንዲደርስ ማድረግ ነው። ገንዘቡ ግማሹ የራሱ ቍጠባ፣ ግማሹ የባንክ ብድር ነው። ጀልባው በአስመጪ እጅ ከጂቡቲ ወደብ ገብቶ፣ በካሚዮን ተጭኖ ጎርጎራ ይደርሳል። ቍልፉና ደረሰኙ ይሰጡታል፤ ከዚያም ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ይሰጠዋል። መጽሐፉን የሚያነብለት ሰው በአጠገቡ ስለ ሌለ ሳንዱቅ ውስጥ ይቈለፍበታል። የጀልባው ዘበኛ ትጉህ ልጅ ነው፤ ማታ ማታ ጀልባውን ከውኃ አውጥቶ ውጭውን በሳሙና ያሻል፣ መቀመጫውን ይወለውላል። ጀልባው ሲያዩት እንደ ሙሽራ ያምራል። የሞተሩ ሆድ ግን አንድም ቀን አልታጠበም። ይህ ነጋዴ ምን እንደሚደርስበት ከመነገሩ በፊት የሞተሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጀት ጀልባ እንደ ሌሎቹ ሞተር ጀልባዎች ከኋላው የሚሽከረከር መቅዘፊያ በውጭ የለውም። ሞተሩ በጀልባው ሆድ ውስጥ ያለ ፖምፓ ያዞራል፤ ፖምፓውም ውኃውን ከጀልባው ሥር በወንፊት በኩል ስቦ በኃይል ወደ ኋላ ይተፋዋል፤ ጀልባውም በዚያ ግፊት ወደ ፊት ይሄዳል። ይህን ዓይነት ጀልባ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት ለሥራ ያበቃው ቢል ሃሚልተን የተባለ የኒው ዚላንድ ሰው ሲሆን፣ ዓላማውም ድንጋይ በበዛባቸውና ጥልቀት በሌላቸው የአገሩ ወንዞች ላይ እንዲሄድለት ነበር። ጣና በጥልቅ ስፍራው እንኳ ከ15 ሜትር የማይዘልቅ ሐይቅ ስለ ሆነ፣ ዳርቻውም ገብ ስለ ሆነ፣ ይህ ዓይነት ጀልባ ለገዥ ዓይን መልካም ሆኖ ቢታይ ምክንያት አለው።

ነገር ግን ያ ፖምፓ የሚስበው ውኃ ሁሉ ወደ ኋላ አይተፋም። ከእርሱ ጥቂቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ሞተሩ ይመራል። አንዱ ሥራው ሞተሩን ማቀዝቀዝ ነው፤ ሁለተኛው ሥራው ደግሞ የጭሱን መውጫ፣ መካኒኮች ማርሚታ የሚሉትን፣ ማቀዝቀዝ ነው። ከሞተር የሚወጣው ጭስ ሙቀቱ ብዙ መቶ ዲግሪ ነው። በመኪና ላይ ይህ ጭስ በብረት ቧንቧ አልፎ ወደ አየር ይወጣል፤ በጀልባ ላይ ግን ሞተሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስለ ተቀመጠ፣ የጭሱም መንገድ በከፊል ጎማ ስለ ሆነ፣ ውኃ ካላቀዘቀዘው ጎማውን ያቀልጠዋል፤ አልፎም እሳት ያስነሣል። ስለዚህ የጭሱን ቧንቧ በዙሪያው ውኃ እንዲከበው ያደርጋሉ፤ ወደ መጨረሻም ውኃውና ጭሱ ተቀላቅለው በአንድነት ይወጣሉ። ራዲያተር መሰል ማቀዝቀዣ ኖሯቸው ሞተሩ በተዘጋ መንገድ በሚዞር ፈሳሽ የሚቀዘቅዝላቸው ጀልባዎች እንኳ ብዙዎቹ ለጭሱ መውጫ የሚጠቀሙት የሐይቁን ውኃ ነው።

እዚህ ላይ የሐይቁ ውኃ ምን ዓይነት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። በምጽዋና በጂቡቲ ባሕር ላይ የሚሠራ ሞተር ጠላቱ ጨው ነው፤ በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይገኛልና። ስለዚህ በባሕር ዳር የሚኖር ሰው ሞተሩን ሳያጥብ አያድርም። ጣና ግን ጣፋጭ ውኃ በመሆኑ ብዙ ሰው «ጨው ከሌለ ምን ይታጠባል?» ብሎ ይዘናጋል። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። የጣና ሞተር ጠላቱ ጨው ሳይሆን አፈር ነው። መገጭ ከጎንደር በስተ ሰሜን ካሉት ከፍተኛ ቦታዎች፣ ርብና ጉማራ ከምሥራቅ፣ ግልገል ዓባይ ከደቡብ፣ በየክረምቱ የደጋውን አፈር እያጠቡ ወደ ሐይቁ ያስገባሉ። ከደጋ እርሻ የታጠበው አፈር በሐይቁ ውስጥ ደለል ሆኖ በጀልባው ፖምፓ ይሳባል፤ ከዚያም ከእርሳስ በማይወፍር ቱቦ ውስጥ ይጋገራል።

ከአፈሩም ጋር አረሙ አለ። እንቦጭ የተባለው መጤ አረም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2011 በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ከታወቀ ወዲህ ሐይቁን እንዴት እንዳስጨነቀ የአካባቢው ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ሥሩ እንደ ጸጕር የተንዠረገገ ስለ ሆነ በጀልባው ወንፊት ላይ ይጠመጠማል፤ ብጥስጣሹም ወደ ውስጥ አልፎ የውኃውን መንገድ ያጠብባል። አፈርና ቅጠል በሞቀ ቧንቧ ውስጥ ሲገናኙ የሚሆኑት ጭቃና ገለባ ተቀላቅሎ በፀሐይ የደረቀውን ግድግዳ ነው፤ ይህን ደግሞ የደጋ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

እንግዲህ ማጠቡ የግድ ከሆነ አስተጣጠቡ ምን ይመስላል? በጀት ጀልባ ሞተር ላይ የጎማ ቱቦ የሚገጠምበት አንድ አፍ አለ። ጀልባው ከውኃ ከወጣ በኋላ ቱቦው በዚህ አፍ ላይ ይገጠማል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል ግን ሊዛነፍ የማይገባው ነው። በመጀመሪያ ሞተሩ ይነሣል፤ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ወዲያውኑ ውኃው ይከፈታል፤ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ጥቂት ደቂቃ ይታጠባል። ሲያበቃም በመጀመሪያ ውኃው ይዘጋል፤ ከዚያም ለጥቂት ሰከንድ ቤንዚን አንድ ሁለት ጊዜ ጨመር ተደርጎ በማርሚታው ውስጥ የቀረው ውኃ እንዲተፋ ይደረጋል፤ በመጨረሻ ሞተሩ ይጠፋል። ያለ ውኃ ረዘም ላለ ጊዜ ማስነሣት የጭሱን ጎማ ስለሚያቃጥል በሁለቱም ጫፍ መፍጠን ያስፈልጋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ጭሱ በግፊት ስለሚወጣ በማርሚታው ውስጥ ያለውን ውኃ እየገፋ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ሞተሩ ቆሞ ውኃ ከተከፈተ ግን የሚገፋው ስለሌለ ውኃው ማርሚታውን ሞልቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በጭሱ በር በኩልም ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። አየር ሲጨቈን ይታመቃል፤ ውኃ ግን አይታመቅም። ስለዚህ በውኃ የተሞላ ሞተር ቍልፍ ሲዞርለት ፒስተኑ ከውኃው ጋር ይጋጫል፤ ፒስተኑን የሚይዘው ቢዬላ ይታጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜም የሞተሩ ገላ ራሱ ይሰነጠቃል።

አሁን ደግሞ ነጋዴ ሁሉ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በጀልባ ኋላ ተንጠልጥሎ በመቅዘፊያ የሚሠራው ሞተር፣ ከጀት ይልቅ በጣና ላይ የተለመደው፣ ሲታጠብ ሥርዓቱ የዚህ ግልባጭ ነው። ይህ ሞተር ውኃ የሚስብለት በውስጡ ያለ ከጎማ የተሠራ ትንሽ ጥርስ ነው፤ ያ ጎማ ያለ ውኃ ከዞረ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ መሳቢያው ላይ በሚገጠም ማጠቢያ ሲታጠብ በመጀመሪያ ውኃው ይከፈታል፣ ቀጥሎ ሞተሩ ይነሣል፤ በመጨረሻም በመጀመሪያ ሞተሩ ይጠፋል፣ ቀጥሎ ውኃው ይዘጋል። ከእነዚህም ሌላ ለማጠቢያ የተበጀ አፍ ያላቸው አንዳንድ ሞተሮች ጭራሹን ሳይነሡ በውኃው ግፊት ብቻ የሚታጠቡ ናቸው። እንግዲህ አንድ ቱቦ፣ አንድ ውኃ፣ አንድ ዘበኛ ሆኖ ሳለ ሦስት ዓይነት ሥርዓት አለ ማለት ነው። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ነው።

ወደ አምባ ጊዮርጊሱ ነጋዴ እንመለስ። በሁለተኛው ዓመት ሞተሩ መጋል ይጀምራል። አንድ ጀልባ የሚያውቅ ሰው «ይህ እኮ በየቀኑ መታጠብ ነበረበት» ይለዋል። ምክሩ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን መካሪው የሚያውቀው ተንጠልጣዩን ሞተር ነው። ዘበኛው እንደ ታዘዘው ቱቦውን ገጥሞ በመጀመሪያ ውኃውን ይከፍታል፤ ቈይቶም ቍልፉን ያዞራል። አንድ ደረቅ ድምፅ ይሰማል፤ ሞተሩም ዝም ይላል። የወንድሙ ልጅ በስልክ «ጋሼ፥ ጀልባው ታጥቦ ተበላሸ» ብሎ ሲነግረው ነጋዴው የሚመልሰው ቃል አያገኝም። ሳይታጠብ የታመመ ሞተር ሲታጠብ ሞተ። የባንኩ ወለድ ግን አልሞተም፤ በየወሩ ይመጣል።

በዚህ ነገር ጥፋተኛው ማን ነው? ዘበኛው የታዘዘውን ፈጽሟል። መካሪው የሚያውቀውን ተናግሯል። ነጋዴው የተጠየቀውን ዋጋ ከፍሏል። አምራቹም በመጽሐፉ ውስጥ ሁሉን ጽፏል። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጽሐፉ ከሚያውቀው ወደ ዘበኛው እጅ የሚያሻግር ሰው አልነበረም። በአምራቹና በዘበኛው መካከል የቆመው ደግሞ አስመጪውና ቸርቻሪው ናቸው።

አንዳንድ አስመጪ «የእኔ ሥራ ብረት መሸጥ ነው፤ አስተማሪ አይደለሁም» ይል ይሆናል። በሕግ በኩል ሲታይም ይህ ቃል ጥቂት ድጋፍ ሊያገኝ ይችላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በሽያጭ ክፍሉ ሻጭ ስለ ዕቃው ጉድለት ኀላፊ እንዲሆን፣ ገዥም ዕቃውን በቶሎ መርምሮ ጉድለት ቢያገኝ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ነገር ግን ባለመታጠብ ወይም በተሳሳተ አስተጣጠብ የመጣ ስብራት ዕቃው ሲሸጥ የነበረ ጉድለት አይደለምና ሻጩ ሊረታ ይችላል። ይሁን እንጂ በፍርድ ቤት መርታትና በገበያ መርታት አንድ አይደሉም። የጀልባው ነገር ከጎርጎራ እስከ አምባ ጊዮርጊስ፣ ከዚያም እስከ ዳባትና ደባርቅ በአንድ ሳምንት ይሰማል። ሰው «አስተጣጠቡን ባለማወቁ ተሰበረ» ብሎ አያወራም፤ «ከእገሌ የተገዛው ሞተር ዓመት አልሞላውም» ብሎ ያወራል እንጂ።

ሌላው ተቃውሞ «የተሰበረ ሞተር ለመለዋወጫ ነጋዴ ሲሳይ ነው» የሚል ነው። ይህ አስተሳሰብ ምናልባት ድሮ የሚያዋጣ መስሎ ይታይ ነበር። ነገር ግን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቢዬላ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ለአንድ ስብራት የሚያወጣው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ገዥው ሊከፍል የማይችለው መለዋወጫ ደግሞ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ሞተሩ ቆሞ የቀረ ደንበኛ ዘይት አይገዛም፣ ቤንዚን አይገዛም፣ ሁለተኛ ሞተርም አይገዛም። ሞተሩ የሚሠራለት ደንበኛ ግን ለዓመታት ዘይትና ማጣሪያ ይገዛል። ከስብራት ከሚገኝ ትርፍ ይልቅ ከጤና የሚገኝ ትርፍ ይበልጣል።

ነገሩ በጀልባ ብቻ የሚቀር እንዳይመስል ወደ ደጋው መመለስ ይጠቅማል። ከደምቢያ ሜዳ የመስኖ ሥራውን ጨርሶ ወደ አምባ ጊዮርጊስ መጋዘን የተመለሰ ፖምፓ ወይም ለእድሳት የመጣ የጀልባ ሞተር፣ በሆዱ ውኃ እንደ ያዘ ካደረ ሌላ አደጋ ይጠብቀዋል። የጣና ከፍታ 1800 ሜትር ገደማ ሲሆን ሌሊቱ ለሞተር የሚያሰጋ አይደለም። በወገራ ደጋ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ውርጭ ይወርዳል። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ስፋቱ ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል፤ በጠባብ ብረት ውስጥ ከተያዘም ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ ማፍሰሻ ቡሎኑን ፈቶ ውኃውን ማንጠፍጠፍ የማጠቡ ሥራ ግማሽ ነው።

በሙቀቱም በኩል ቢሆን ደጋው የራሱ ሕግ አለው። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በጣና ዳር በ94 ዲግሪ ገደማ፣ በአምባ ጊዮርጊስ ደግሞ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክፍት በርሜል ያለው የወፍጮ ሞተር በደጋ ቶሎ የሚፈላበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የውኃው መንገድ በአፈር የጠበበ እንደ ሆነ መፍላቱ ይብሳል። ደጋ ላይ ሞተር የሚሸጥ ነጋዴ ስለ ማጠቢያ ለመናገር ከቆላው ነጋዴ የበለጠ ምክንያት አለው ማለት ነው።

ከሥራ በኋላ መሣሪያን መጠበቅ ከውጭ አገር የመጣ ትምህርት እንዳልሆነ ደግሞ ጣና ራሱ ይመሰክራል። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ሰዎች፣ ይልቁንም ወይጦዎች፣ ከደንገል የሚሠሩትን ታንኳ ሥራ ሲያበቃ ከውኃ አውጥተው ያደርቁታል። ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ከዋለና ካደረ ይከብዳል፤ ይበሰብሳልም። ይህን ሥርዓት አባት ለልጁ ያስተምራል። እንግዲህ ከሣር ለተሠራ ታንኳ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፣ በብድር ገንዘብ ለተገዛ ሞተር ጥንቃቄ ቢነፈገው የሚያሳፍር ነው። ልዩነቱ ታንኳውን የሠራው ሰው አጠባበቁን አብሮ ማስተማሩ፣ ሞተሩን የሸጠው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አለማስተማሩ ነው።

ማጠቡ ከሞተሩ አልፎ ለሐይቁም ይጠቅማል። በሰሜን አሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዜብራ የተባለ ባለ ቅርፊት የውኃ እንስሳ በጀልባዎች እየተጫነ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ተዛምቷል። ስለዚህ በብዙ ስፍራ ጀልባ ከሐይቅ ሲወጣ እንዲጸዳ፣ ውኃው እንዲንጠፈጠፍና እንዲደርቅ ይታዘዛል። በጣናም እንቦጭ የተጠመጠመበት ጀልባና ፖምፓ ሳይጸዳ በካሚዮን ወደ ሌላ ውኃ ቢወሰድ አረሙ አብሮ ይጓዛል። እጣቢውም ወደ ሐይቁ እንዳይመለስ ከዳርቻው ራቅ ብሎ መፍሰስ አለበት፤ ዘይት የነካው ውኃ ዓሣ ከሚያስገርበት ውኃ ጋር መቀላቀል አይገባውምና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የሚያስፈልገው ከባድ ነገር አይደለም። በመጀመሪያ፣ ሞተር የሚያስመጣ ነጋዴ ሁሉ ለእያንዳንዱ ዓይነት ሞተር አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ከሥዕል ጋር አሳትሞ ከደረሰኙ ጋር ይስጥ። በዚያም ገጽ ላይ «ሞተር ይቅደም ወይስ ውኃ ይቅደም?» የሚለው ጥያቄ በትልቅ ፊደል ይመለስበት። ገጹ ከአምራቹ መጽሐፍ በሚያውቅ ሰው ይተርጐም እንጂ ከሌላ ሞተር መመሪያ አይገልበጥ። በላስቲክ ተሸፍኖ በሞተሩ ክዳን ላይ ቢለጠፍ ደግሞ ከሳንዱቅ ውስጥ ከሚቈለፈው መጽሐፍ ይልቅ ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ ቸርቻሪው ሞተሩን ሲሸጥ የማጠቢያውን ቱቦና መግጠሚያ አብሮ ይሽጥ። የእነዚህ ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቍጥር የሚገባ አይደለም። ዕቃውን ሲያስረክብም ለባለ ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ሞተሩን ለሚይዘው ሠራተኛ አንድ ጊዜ አጥቦ ያሳይ፤ ሠራተኛውም በፊቱ ደግሞ ያጥብ። ገንዘቡን የሚከፍለው ጌታው ቢሆንም ቍልፉን የሚያዞረው ዘበኛው ነው።

ሦስተኛ፣ በጎርጎራም ሆነ በሌላው የጣና ወደብ ጀልባ ያላቸው ነጋዴዎች ተባብረው አንድ የማጠቢያ ስፍራ ቢያዘጋጁ ወጪው ለእያንዳንዱ ይቀልላል። የቧንቧ ውኃ በሌለበት ስፍራ የሐይቁ ውኃ በበርሜል ተሞልቶ አፈሩ እስኪዘቅጥ አንድ ሌሊት ያድራል፤ ጧት ከላይ ያለው ጥሩ ውኃ በትንሽ ፖምፓ ይገፋል። 200 ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል ለአንድ ሞተር የጥቂት ደቂቃ መታጠቢያ ይበቃል።

አራተኛ፣ የንግድ ምክር ቤት አባላት የሆኑ አስመጪዎች በዚህ ነገር አንድ ልማድ ቢያደርጉ መልካም ነው። አንዱ መመሪያና ቱቦ ጨምሮ ሲሸጥ ሌላው ያንን ቀንሶ በርካሽ ቢሸጥ ቅን ነጋዴው ለጊዜው ይጐዳል። ሁሉም በአንድነት ካደረጉት ግን የሚጐዳ የለም። ገዥም ሊጠይቅ ይገባል። «ስንት ነው?» ብሎ ዋጋ ከጠየቀ በኋላ «እንዴት ይታጠባል?» ብሎ ቢጠይቅ ሻጩ መልሱን ለማወቅ ይገደዳል።

የአገሬው ሰው «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላል። ይህ አባባል ለዋናተኛ የተነገረ ቢሆንም ለሞተር ባለቤትም ይሠራል። ሐይቁ ጣፋጭ ነው፤ ጨው የለውም፤ ሞተሩም በመጀመሪያው ዓመት ያለ ችግር ይሠራል። አፈሩ ግን በየቀኑ በቧንቧው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ባለቤቱ የሚነቃው ጭሱ ሲግልና ጎማው ሲሸት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከዚያ በፊት የሚፈለገው ጥቂት በርሜል ውኃ፣ አንድ ቱቦና አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ነው።

በአምባ ጊዮርጊስ ብርድ ላይ ሆኖ የገብስ ገንዘቡን በጣና ሞተር ላይ ያዋለ ሰው ለሻጩ የሰጠው ዋጋውን ብቻ አይደለም፤ እምነቱንም ነው። ዋጋው በባንክ ይቈጠራል፤ እምነቱ ግን የሚቈጠረው በሚመጣው ዓመት ተመልሶ በመምጣቱ ነው። ሞተሩን የሸጠ ነጋዴ አስተጣጠቡንም ቢሰጥ ያ ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል፤ ወንድሙንም ይዞ ይመጣል።